የእትዬ የሺመቤት ቁራኛ

እትዬ የሺመቤት ጠዋት መጥተው፣ ሳይቀመጡ፣ የነጠላዬን ጫፍ ከነጠላቸው ጫፍ ጋር ቋጠሩት። ገና ፊቴን አልታጠብኩም። ጥለቱ ተተርትሮ ሊያዩልኝ መሰለኝ። ሁለተኛ ቋጠሮ ሲደግሙበት ቀና ብዬ አየኋቸው።

«ምን እያደረጉ ነው እትዬ?»

«ቁራኛ ይዤሻለሁ። ገንዘቤን እጄ ላይ እስክታስቀምጪ የትም ብትሄጂ አብሬሽ ነኝ።»

ቁራኛን በወሬ ነው የማውቀው። ድሮ፣ በሳቸው አባት ዘመን፣ አበዳሪና ተበዳሪ ልብስ ለልብስ ተቋጥረው ዳኛ ፊት እስኪቀርቡ አብረው ይውሉ፣ አብረው ያድሩ ነበር አሉ። አባታቸው አንዱን ባለዕዳ እንደዚህ አድርገው ከቡልጋ አዲስ አበባ ድረስ በእግር አምጥተውታል፤ ይህን ታሪክ በየሠርጉና በየለቅሶው ሰምቼዋለሁ። ያ ነገር ከቀረ ስንት ዘመኑ። ንጉሡ ሄዱ፣ አብዮት ፈነዳ፣ ስኳር በቀበሌ ሆነ። እትዬ የሺመቤት ግን በመጀመሪያው አውቶቡስ ከኮተቤ ተነስተው ቦሌ ድረስ ቁራኛ ሊይዙኝ መጡ።

ነገሩ ባጭሩ እንዲህ ነው። የሹራብ መኪና ገዛሁ። ለመግዣው ከእትዬ የሺመቤት ሦስት መቶ ብር፣ ከጎረቤቴ ከትርሓስ መቶ ብር ተበደርኩ። ጋሽ ተክለብርሃን የሚባሉ ባለ ሱቅ ደግሞ ክር በዱቤ ሰጡኝ። ከዚያ ክር ከገበያ ጠፋ። መኪናው ቆመ፤ ወለዱ ግን አልቆመም። ሦስቱም በሬ ላይ መገናኘት ሲጀምሩ የዕድራችን ዳኛ ጋሽ መኩሪያ ገቡበትና አስማሙን። በየወሩ ስልሳ ብር ለሳቸው አስረክባለሁ፣ እሳቸው ለሦስቱ ያከፋፍላሉ። ማንም በሬ ላይ አይመጣም፣ እኔም ለማንም ለብቻው አልከፍልም። አንድ ወር ብቻ ፀሐይ ሳትጠልቅ ካላስረከብኩ ግን መኪናው ይሸጥና ይከፋፈሉታል። ዛሬ የማስረክብበት ቀን ነው። እጄ ላይ ያለው ሃያ ብር ነው። አርባው ኦሎምፒያ፣ ውባንቺ የምትባል ደንበኛዬ ጋ ነው፤ ሹራቦቿን ሳስረክብ ትሰጠኛለች። እትዬ የሺመቤት ይህን ሁሉ ያውቃሉ። ለዚህ ነው ዛሬን የመረጡት።

«ስምምነት አለን እኮ እትዬ። በር ላይ አይመጣም ተብሏል።»

«በር ላይ አልመጣሁም። ቤት ገብቻለሁ።»

«ለብቻ አይከፈልም ተብሏል።»

«ለትርሓስ ለብቻዋ ከፍለሽ የለ? ልጇ አዲስ ሹራብ ለብሳ ቤተ ክርስቲያን አይቻታለሁ። በዓይኔ!»

አዲስ አይደለም። የአባቷ አሮጌ ሹራብ ነው። ክር ከጠፋ ወዲህ የምሠራው እንደዚህ ነው፤ ሰው ያረጀ ሹራቡን ያመጣል፣ እተረትረዋለሁ፣ አጥቤ ድንጋይ አንጠልጥዬበት እሰቅለዋለሁ፣ ጥቅልሉ ሲለቀው እንደገና እሠራዋለሁ። ግቢዬ ውስጥ ሁሌም ድንጋይ ያዘለ ክር ተንጠልጥሎ ታገኛላችሁ። ትርሓስ የከፈለችኝ የእጅ ዋጋ ነው፣ እንዲያውም አጉድላ። ይህን ላስረዳ አፌን ስከፍት አውሮፕላን ተነሳ። ቤቴ ከአየር ማረፊያው አጥር ሥር ነው። አውሮፕላን ሲነሳ ብርጭቆው ሁሉ ይንቀጠቀጣል፣ ሰውም አፉን እንደከፈተ ያቆማል። ሲያልፍ እትዬ የሺመቤት መልሴን ሰምተው የጨረሱ ይመስል ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ገረመው ቢያይዎት ምን ይላል?» አልኳቸው። ገረመው ባሌ ነው፤ የሳቸው ታናሽ ወንድም።

«የት አለና ያየኛል?»

እውነታቸውን ነው። የጭነት መኪና ሾፌር ነው፣ አሰብ መስመር። ዕዳ ሲነሳ ሁሌም አሰብ ነው።

ነጠላዬን ጥዬላቸው መሄድ እችል ነበር። ግን ያለኝ ነጠላ እሱ ነው። ደግሞ የባል እህት ነጠላ ይዛ ቀርታ እኔ ስሮጥ ሰፈሩ ቢያየኝ፣ ዕዳዋን ካደች ነው የሚባለው። እሺ አልኩ። መጀመሪያ ግን ሽንት ቤት መሄድ ነበረብኝ። ሽንት ቤታችን ከግቢው ጥግ ነው፤ በሩ ነጠላ ተወጥሮበት አይዘጋም። እኔ ውስጥ፣ እሳቸው ውጭ፣ ነጠላው በመካከል።

«ጨረስሽ?»

«እትዬ!»

«በመስኮት እንዳትወጪ ብዬ ነው።»

መስኮት የለውም።

ሹራቦቹን በፌስታል ይዤ ስንወጣ ትርሓስ በሯ ላይ ምስር ትለቅማለች። ቋጠሮውን አየችው። ምንም ሳትጠይቅ ሰፌዱን አስቀመጠችና ተነሳች። ትርሓስ ጥሩ ሰው ናት፣ ክፋት የላትም፤ ግን ገንዘብ ወደ አንድ ሰው እየሄደ መሆኑን ከሩቅ ታሸታለች።

«ዋይ! ለሳቸው ልትሰጫቸው ነው? እኔስ?»

«ለማንም አልሰጥም። ተይዤ ነው።»

«እንግዲያው እኔም ልያዝሽ።» ሌላኛውን ጫፍ ከሷ ነጠላ ጋር ቋጠረችው። እትዬ የሺመቤት አልተከራከሩም። ሁለቱ ከዚያ የሹራብ ወሬ ወዲህ አይነጋገሩም፤ እኔን መሐል አድርገው አንዷ ወደ ቀኝ፣ አንዷ ወደ ግራ እያዩ መንገድ ጀመርን። በመካከላቸው መሄድ ቀላል አይደለም። እትዬ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ቀስ ይላሉ። ትርሓስ ፈጣን ናት። እኔ በሰያፍ ነው የሄድኩት።

ጋሽ ተክለብርሃን ሱቃቸው ከዋናው መንገድ ዳር ነው። ቁልፍ፣ መርፌ፣ ዚፕ፣ የልብስ ስፌት ክር ይሸጣሉ። የሹራብ ክር የለም ይላሉ። አለ። ከአልጋቸው ሥር ነው፣ ለሚያውቁት ሰው በእጥፍ ዋጋ። በሌላ መንገድ ልዞር ብል ሁለቱም ወደ ዋናው ጎተቱኝ፤ ሱቅ ሱቅ እያዩ መሄድ ይወዳሉ። ጋሽ ተክለብርሃን መነጽራቸውን ወደ ላይ ገፍተው አዩን፣ ሱቁን ቆለፉት፣ መጡ። ጋቢም ነጠላም አልለበሱም፤ ኮት ነው የለበሱት። የነጠላዬን ጠርዝ መሐል ላይ ጨብጠው በኮታቸው የቁልፍ ቀዳዳ አሾለኩና በሌላው በኩል ቋጠሩት።

«ጋሼ፣ ይቀደዳል።»

«ብረት አላሰርኩበትም። ሂጂ።»

ከኋላዬ ሆኑ። አሁን እኔ ስቆም ይገጩኛል፣ እሳቸው ሲቆሙ ያንቁኛል።

የጠበቅሁት ሰው ይሥቅብናል ብዬ ነበር። ማንም አልሣቀም። አራት ሰው ተጠጋግቶ፣ ፊቱን አኮሳትሮ፣ በቀስታ ሲሄድ ያየ የአዲስ አበባ ሰው በዚያን ጊዜ የሚያስበው አንድ ነገር ነው። አንዲት ሴት ባዶ ጠርሙስ ይዛ ከጋሽ ተክለብርሃን ኋላ ገባች።

«ዘይት ነው?» አለች።

«ምንም አይደለም» አልኳት ዞሬ።

ምንም አይደለም ያለ ሰው ዘይት እንዳለ የሚያውቅ ሰው ነው። ጠርሙሷን አጥብቃ ያዘች። ትንሽ ቆይቶ አንድ ሽማግሌ ከረጢት ይዘው ከሷ ኋላ ሆኑ። «ስኳርም አለ አሉ» ሲሉ ሰማሁ። ማን እንዳላቸው እንጃ። ኦሎምፒያ ስንደርስ ዞሬ መቁጠር ተውኩ። ወረፋ ሆነን ነበር፤ የሚሄድ ወረፋ። ከመካከል ሁለት ሴቶች ማን ማንን እንደቀደመ ይጨቃጨቃሉ።

ውባንቺ መሥሪያ ቤቷ በር ላይ ወጥታ ተቀበለችኝ። ሹራቦቹን አገላበጠች። ኋላዬ ያለውን ሕዝብ አየች። እኔን አየች።

«ደህና ነሽ ምንትዋብ?»

«ደህና ነኝ። ዘመዶቼ ናቸው።»

«ሁሉም?»

አርባ ብሩን ስትዘረጋ ከሦስት አቅጣጫ ሦስት እጅ ወጣ። እኔ ቀደምኩ። ጡት መያዣዬ ውስጥ ከሃያው ጋር ከተትኩት። ጋሽ ተክለብርሃን በጨዋነት ፊታቸውን አዞሩ፤ ሁለቱ ሴቶች ግን አላዞሩም። እትዬ የሺመቤት ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ዓይናቸውን ከደረቴ ላይ አላነሱም። እኔ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይህ ገንዘብ ሳይጎድል፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ ጋሽ መኩሪያ እጅ ይግባ። ለአንዷ አሥር ብር ብሰጥ ሌሎቹ ስምምነት ፈረሰ ይላሉ፣ መኪናዬም ነገ በሰው ትከሻ ይወጣል።

ስንመለስ ራበኝ። መንገድ ዳር ፓስቲ የምትጠብስ ሴት አለች፣ ሽታው ሁላችንንም አቆመን።

«ግዢልን እንግዲህ» አሉ እትዬ።

«በምኔ? ያለኝ ገንዘብ የእናንተ ነው።»

ጋሽ ተክለብርሃን ከኋላዬ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «በድሮው ደንብ» አሉ «ቁራኛ የያዘ ሰው ነው የተያዘውን የሚያበላው። ቢሞትበትስ? ገንዘቡ አብሮ መቀበሩ ነው።»

«ማን ነው ያለው?» አሉ እትዬ።

«አባትዎ ያን ሰውዬ ከቡልጋ ሲያመጡት ምን እየበላ መጣ? አፈር?»

እትዬ የሺመቤት ያን ታሪክ እስካሁን ሲያወሩት ይህን የጠየቃቸው ሰው የለም መሰለኝ። ጋሽ ተክለብርሃንም ይዘውኝ የለ ብዬ ወደሳቸው ዞርኩ፤ «እኔ ዘግይቼ ነው የመጣሁት፤ ያዡ እሳቸው ናቸው» አሉ። እትዬ ከመቀነታቸው መሐረብ አወጡ፣ በጥርሳቸው ፈቱት፣ ሳንቲሞቹን አንድ በአንድ ለጠባሿ ቆጠሩላት። አራት ፓስቲ። ለእኔ የሰጡኝ ትልቁን ነው። ይህን አልክድም። በአንድ እጃችን ነጠላውን ይዘን፣ በአንድ እጃችን እዚያው ቆመን በላን። ወረፋው ቆሞ ጠበቀን፤ ከኋላ «እየበሉ ነው፣ እየበሉ ነው» እየተባባለ ሲያስተላልፍ ይሰማል።

ቀበሌያችን በር ላይ አብዮት ጠባቂው ኦላና አየን። ኦላና መሣሪያው ከሱ ይበልጣል፤ ትከሻው ላይ ሲያደርገው በአንድ በኩል ዘመም ይላል። መጀመሪያ እኛን አየ። ከዚያ ከኋላችን ያለውን አየ፣ መጨረሻውን ለማየት በእግሩ ጣቶች ቆመ።

«ቁሙ! የምን ስብሰባ ነው? ፈቃድ አላችሁ?»

«ስብሰባ አይደለም፣ ወደ ቤታችን ነው» አልኩ።

«ይህ ሁሉ ሰው ወደ ቤታችሁ?»

«ዘይቱ የት ነው የሚሰጠው?» አለች ባለጠርሙሷ ለኦላና።

ኦላና ቋጠሮዎቹን ያያቸው ያኔ ነው። ከእትዬ ወደ እኔ፣ ከእኔ ወደ ትርሓስ፣ ከዚያ የጋሽ ተክለብርሃንን የቁልፍ ቀዳዳ። ፊቱ ተለወጠ። «ግቡ!» አለ። «አራታችሁም! ሊቀመንበሩ ጋ!»

የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ገብረዋሕድ በዕድሜ ከእኔ ያንሳል፤ ጠረጴዛው ግን ትልቅ ነው፣ ከአንድ ሸሽቶ ከሄደ ሰውዬ ቤት የመጣ። በዚያ ሰሞን በየስብሰባው የሚያወራው ስለ አራጣ አበዳሪዎች ነበር። የሰፊውን ሕዝብ ደም የሚመጥጡ፣ ክርና ጨው የሚደብቁ፤ አንድ ብይዝ ለመማሪያ ይሆናል ይል ነበር፣ እየፎከረ። እስካሁን አንድም አልያዘም። ሦስቱም ይህን ያውቃሉ። እትዬ እንኳ በኮተቤ በኩል ያንኑ ንግግር ከራሳቸው ሊቀመንበር ሰምተዋል። መግቢያው ላይ የነጠላው ውጥረት ሲላላ ተሰማኝ፤ ሦስቱም ወደ እኔ ተጠግተው ነበር።

«ለምንድነው የታሰራችሁት?» አለ ሊቀመንበሩ።

ሦስቱም መሬት መሬት አዩ።

«ዕዳ ነው?» አለና እስክሪብቶውን አነሳ። «እኔ የገጠር ልጅ ነኝ፣ ይህን አውቀዋለሁ። ቁራኛ ነው። ይቺ ጓዲት ተበዳሪ ናት፣ እናንተ አበዳሪዎች ናችሁ። በስንት ወለድ ነው ያበደራችኋት?»

ወለድ አለ ካልኩ እነሱ ይታሰራሉ፤ መኪናዬም «ለምርመራ» ተብሎ እዚህ ግቢ ይገባል። እዚህ ግቢ የገባ ነገር ሲወጣ አይቼ አላውቅም። ፀሐይዋ ደግሞ በመስኮቱ በኩል ዝቅ ብላለች።

«ዕዳ?» አሉ እትዬ የሺመቤት። «የምን ዕዳ? የወንድሜ ሚስት እኮ ናት! ከሷ አንድ ሳንቲም የለኝም።»

ጓድ ገብረዋሕድ ወደ ትርሓስ ዞረ።

«ጎረቤቴ ናት» አለች ትርሓስ ቶሎ ብላ። «አንዳንዴ ምስር አበድራታለሁ። ትመልሳለች። እንዲያውም አብዝታ ... አይ፣ አይ፣ ልክ ያንኑ! ለክታ!»

«እርስዎስ አባት? ክር ነጋዴ አይደሉም?»

«እኔ?» አሉ ጋሽ ተክለብርሃን። «የሹራብ ክር አይቼ አላውቅም።» ቀይ የሹራብ ክር ከትከሻቸው ላይ ተለጥፏል። ትርሓስ አየችና የምታቅፋቸው መስላ ጠረገችው።

«እንግዲያው ለምን ታሰራችሁ?»

ኦላና መሣሪያውን ወደ ሌላው ትከሻ አዛወረ። እትዬ የሺመቤት ጉንጬን በእጃቸው ያዙና በሐዘን አዩኝ።

«ያዞራታል» አሉ። «ስትሄድ ትወድቃለች። እንዳትወድቅብን ነው።»

«ለዚህ ሦስት ሰው?»

«በየአቅጣጫው ነዋ የምትወድቀው» አሉ ጋሽ ተክለብርሃን።

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ምን ላድርግ። ወደ ቀኝ ወደቅሁ። እትዬ የሺመቤት ያዙኝ፤ እውነት ነው፣ ጥሩ አያያዝ አላቸው።

ሊቀመንበሩ ለረጅም ጊዜ አየኝ። «ጓዲት፣ እነሱ ያሉት እውነት ነው? ዕዳ የለብሽም?»

«እነሱ እንዳሉት ነው ጓድ ሊቀመንበር» አልኩ ከእትዬ ትከሻ ላይ። «አንድ ሳንቲም ወለድ የለም። እርስዎም ሰምተዋል፣ ጓድ ኦላናም ሰምቷል።»

የትርሓስ እጅ ክንዴ ላይ ሲጠብቅ ተሰማኝ። ጠብቆ ቀረ፤ ምን ልትል ትችላለች?

ሊቀመንበሩ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ደስ አላለውም። «ጤና ጣቢያ ውሰዷት» አለ። ከዚያ ዘይት የለም ብሎ ሕዝቡን ሊበትን ወጣ። ሊቀመንበር ራሱ ወጥቶ ዘይት የለም ሲል ያየ ሕዝብ ይበተናል? ስንወጣ ወረፋው የቀበሌውን አጥር ዞሮ ነበር፤ ባለጠርሙሷ በሩ ሥር ድንጋይ አስቀምጣ ተቀምጣለች።

ጥጉን እንደዞርን መፈታታት ጀመሩ። ጋሽ ተክለብርሃን ቸኩለው የኮታቸውን ቀዳዳ ቀደዱት። እኔ ግን አልቆምኩም፤ የፀሐይዋ ጠርዝ የአጥሩን እንጨት ነክቷል። ጋሽ መኩሪያ ቤት ሩጫ በሚመስል እርምጃ ደረስኩ፤ ሦስቱም ተከተሉኝ፣ ምን እንደምል ሳይሰሙ መሄድ አልቻሉም።

ጋሽ መኩሪያ በረንዳቸው ላይ ቁጭ ብለው ጥፍራቸውን ይቆርጣሉ። ስልሳውን ብር ጭናቸው ላይ አስቀመጥኩ። ሞቆ ነበር፣ ይቅርታ ጠየቅሁ።

«ከዛሬ ጀምሮ የምከፍለው ዋናውን ነው ጋሼ» አልኩ። «የተበደርኩትን። እስከ መጨረሻዋ ሳንቲም። ወለድ የሚባል ግን የለም። ሊቀመንበሩ ፊት ራሳቸው መስክረዋል።»

ጋሽ መኩሪያ መቀሱን ያዙና ሦስቱን አንድ በአንድ አዩአቸው። «እውነት ነው?»

አውሮፕላን አለፈ። የዚያን ቀን እንደዚያ ረጅም አውሮፕላን አላየሁም።

«መቶ ብሬ ከመጣ ይበቃኛል» አለች ትርሓስ በመጨረሻ። «ሌላውማ ... ስናወራ ነው የመጣው።»

«ክሩን በዋጋው» አሉ ጋሽ ተክለብርሃን። «በድሮው ዋጋ» ስላቸው፣ በተቀደደው ኮታቸው ቀዳዳ ጣታቸውን አስገብተው እያዩ «በድሮው» አሉ።

እትዬ የሺመቤት ግን ነጠላቸውን አራገፉ፣ መስቀለኛ ለበሱት፣ ደህና እደሩ ሳይሉ ወጡ። ጋሽ መኩሪያ ወደ እኔ ዞረው በአገጫቸው «ተከተያት» አሉኝ። እንኳን ሳይሉኝም እከተላቸው ነበር፤ የባሌ እህት ናቸው፣ ጀንበር እየገባች ነው።

አውቶቡስ ፌርማታው ላይ አንድ አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። አሁን ምንም ሳያስረን ከጠዋቱ ይልቅ ተጠጋግተን ነበር፣ አግዳሚው አጭር ስለሆነ። ጉልበታቸውን ያሻሉ። ስለ ሦስት መቶ ብሩ የሚናገሩ መስሎኝ ጠበቅሁ። ስለ ገረመው የሚጠይቁኝ መስሎኝ ጠበቅሁ። ስለ አባታቸው እንኳ ቢያወሩ እሰማቸው ነበር። አውቶቡሱ ከሩቅ ብቅ ሲል መሐረባቸውን ከመቀነታቸው አወጡ፣ በጥርሳቸው ፈቱት፣ ውስጡን ለረጅም ጊዜ አዩት። መልሰው ቋጠሩት።

«ምንትዋብ» አሉ ወደ መንገዱ እያዩ።

«አቤት እትዬ።»

«የአውቶቡስ ሳንቲም ይዘሻል? ... አበድሪኝ።»

ኪሴ ውስጥ ለጋዝ ብዬ የደበቅኳት ሳንቲም ነበረች። መዳፋቸው ላይ አስቀመጥኩላቸው፣ ጣታቸውንም አንድ በአንድ አጠፍኩላቸው። አውቶቡሱ ቆመ። አንድ እግራቸውን ደረጃው ላይ አውጥተው ዞሩ፣ ኩራታቸው እንደገና ፊታቸው ላይ መጣ።

«ነገ ጠዋት እመልስልሻለሁ!»

«አይቸኩሉ እትዬ» አልኳቸው። «በወር በወር ይክፈሉኝ።»